ጓድ ቡሬ ሰይድ፣ ኮከብ ሠራተኛ

ሰው የራሱን ሞኝነት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ግን ይቺን የምነግራችሁ ደረቴን ነፍቼ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመሥራት መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ መሆን ያስፈልጋል፤ በመካነ ሰላም ከተማ ደግሞ ያን ጊዜ ጸሐፊው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። አንድ ካድሬ ከላይ ተላከልንና «የዚህን ከተማ ወዛደር ላደራጅ መጥቻለሁ» አለን። እሰይ፣ ይደራጅ። ግን ወዛደሩ የት አለ? ካድሬው የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነ ወዛደር ሲባል ከፋብሪካ በር እየተጋፋ የሚወጣ ሕዝብ ነው የሚታየው። እኛ ዘንድ ፋብሪካ ቢባል ጋሼ ደምሴ የሚያንቀሳቅሷት አንዲት የእህል ወፍጮ ነበረች፤ እሷም ከሳምንቱ ግማሹን ታማ ነው የምታሳልፈው። ወዛደሩን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ የመንገድ ጥገና ጣቢያው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ ጠዋት አካፋና ዶማ አስረክባለሁ፣ ማታ እረከባለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይላሉ የሚያውቁኝ። እኔ አልልም፤ ግን ሲሉም አላስቆማቸውም።

«ሃያ ሰው ካልሞላ ማኅበር አይባልም» ተባለ። ቆጠርኩ። ከመንገድ ጣቢያው እኔን ጨምሮ ሰባት፣ ከእህል መጋዘኑ ስምንት ተሸካሚዎች፣ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ዘበኞች፣ ከወፍጮው ጋሼ ደምሴና ረዳታቸው፣ ከጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘይነባ። ልክ ሃያ። አንዱ ጉንፋን ይዞት ቢቀር ማኅበሩ ይፈርሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው በየስብሰባው ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ ጤንነታችሁ እንዴት ነው እል የነበረው፤ ሰው ግን ደግነቴ መስሎት ይመርቀኝ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሊቀመንበር ሆኑ። ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው። ካድሬው ግራ እጃችንን አስነሥቶ መፈክር ካሰማን በኋላ ስብሰባው ይጀመር ሲል፣ ማንም አፉን አይከፍትም። የወሎ ሰው ሳይመረቅ ስብሰባ አይጀምርማ። እትዬ ዘይነባ መዳፋቸውን ዘርግተው «ያረቢ፣ ፍቅር ሙሀባውን ስጠን፣ የተጣላን አስታርቅ፣ የታመመን አሽር» ይላሉ፤ ጋሼ ደምሴ ይቀጥላሉ፤ ሃያችንም አሜን፣ አሚን እንላለን። ካድሬው በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ኋላ ቀር ነው» አለ። በሁለተኛው ዝም አለ። በአራተኛው ሳምንት ምርቃቱ ቢዘገይ «ምነው እትዬ ዘይነባ፣ ዛሬ አይመርቁም እንዴ?» ብሎ ራሱ ጠየቀ።

ሳትስቁብን ስሙ። ያ ማኅበር ሥራ ሠርቷል። ኩንታል በባዶ ትከሻቸው ሲሸከሙ ለኖሩት ተሸካሚዎች፣ ትከሻ ላይ የሚደረግ ማቅ እንዲሰጣቸው አስደርገናል። የትምህርት ቤቱ ዘበኞች ዝናብ ላይ ከሚቆሙ ብለን ማማ ሠርተንላቸዋል። ከሥራ መልስ ደግሞ በመጋዘኑ ግቢ መሠረተ ትምህርት ከፍተን ነበር፤ አስተማሪው እኔ። ተማሪዎቼ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሰዎች ናቸው፤ ጠመኔን ግን እንዳይሰበር እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። ከሁሉም የበለጠው ሰይድ አሊ ነበር። ኩንታሉን አራግፎ ሲመለስ እንኳ በጣቱ አየር ላይ ፊደል ይጽፋል።

እንግዲህ ነገሩ የሰይድ ነገር ነው።

በጥር ወር ሰይድ ኩንታል ተሸክሞ በሳንቃ ላይ ወደ ጭነት መኪና ሲወጣ፣ ሳንቃው ተሰበረ። እግሩም አብሮ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት፤ አጥንቱ ያዘ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ኩንታል ተሸክሞ ሳንቃ የሚወጣ እግር አልሆነም። የመጋዘኑ ኃላፊ «የማይሸከም ተሸካሚ አላውቅም፤ ከመዝገብ ይሰረዝ» አሉ። እኛ ደግሞ «በእናንተ ሳንቃ ላይ የተሰበረ እግር ነው፤ ሌላ ሥራ ይሰጠው» አልን። ሰይድ አምስት ልጅ አለው። ሚስቱ ከከተማው ዳር አንዲት ማሳ አለቻት፤ እሷ ብቻዋን ግን ሰባት አፍ አትችልም።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመሀል ነፋስ የጤና ጣቢያውን የወላዶች ክፍል ጣራ ገልብጦ ጣለው። ወላዶቹ ክፍል ውስጥ ተኝተው ሰማይ ያያሉ። ማኅበሩ «ክረምት ሳይገባ ጣራውን እኛ እንሠራዋለን» ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ካድሬው ይቺን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «የሰይድንም ጉዳይ ይኸው ዘመቻ ይፍረደው» አለ። «በዘመቻው የሠራ ሠራተኛ ነው፤ ያልሠራ ይሰረዛል። ሪፖርቱ ደሴ ይሂድና እዚያ ይወሰን።» የመጋዘኑ ኃላፊ ፈገግ ብለው ተስማሙ። በአንካሳ እግሩ ግንድ እንደማይሸከም ያውቃሉ።

ግንዱ የሚገኘው ከከተማው ደን፣ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። የጣቢያችን መኪና እንዳይጭንልን ናፍጣ የለውም። ስለዚህ በትከሻ። በመጀመሪያው ጠዋት ተሰብስበን ስንቆም ሰይድ መጣ። በቀኝ እጁ ምርኩዝ፣ በግራ እጁ ገመድ፤ በገመዱ ጫፍ ቡሬ።

ቡሬ የሰይድ በሬ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ሻኛው ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ማንንም በቀጥታ የማያይ። ሰይድ «አብሽሩ ጓዶች፤ እኔ ባልሸከም እሱ ይጎትታል» አለና ግንዱን በጠፍር አሰረለት። ከዚያ «በል ቡሬ» አለ። በሬው ዳገቱን እንደ ገዛ ቤቱ ደጃፍ ወጣው። እኛ አንድ ግንድ ለአራት ተሸክመን ሦስቴ እያረፍን ስንወጣ፣ ሰይድ እያነከሰ ከቡሬ ጎን «ና፣ ቀኝ፣ ሳብ» እያለ ያልፈናል። በአሥራ ሁለት ቀን ቡሬ ብቻውን አርባ ሁለት ግንድ አወጣ። ጣራው ቆመ። ቆርቆሮው የተመታ ዕለት እትዬ ዘይነባ እልል ብለው፣ ክፍል ውስጥ የነበረች ወላድ ልጇን «ጣራው» ልትለው ነበር ብለው አወሩ። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ ማመን ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን የእኔ ጥፋት መጣ።

ከደሴ የተላከልን ቅጽ ዓምድ የበዛበት ነው። ስም ከነአባት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ፍሬ፣ የፖለቲካ ንቃት፣ ጠባይ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ቤት በወንፈል ስንሠራ የሰው ቀንና የበሬ ቀን ለየብቻ ነው የሚቆጠር። የሰው አንድ ቀን በሰው አንድ ቀን ይመለሳል፤ የበሬ አንድ ቀን ግን በሰው ሁለት ቀን ነው። ሁለቱን የደባለቀ ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል። አባቴ ይሄን በአለንጋ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ያቺን ቅጽ ስሞላ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ፣ በሬውን በራሱ መስመር አስገባሁት።

ስም፣ ቡሬ። የአባት ስም ባዶ ቢቀር ነውር መሰለኝና፣ ያሳደገው ሰይድ ስለሆነ፣ ሰይድ አልኩ። የትምህርት ደረጃ፣ የለውም። የሥራ ፍሬ፣ አርባ ሁለት ግንድ። የፖለቲካ ንቃት የሚለው ላይ ትንሽ አሰብኩና «ታዛዥ፤ ከመስመር አይወጣም» ብዬ ጻፍኩ። ጠባይ፣ «በሥራ ሰዓት ወሬ የለውም፤ ከምግቡ በቀር ምንም አይጠይቅም።» አንዲትም ውሸት የለችበትም። ከሥሩ የሰይድ አሊ መስመር ነው። የእሱ ግንድ በበሬው መስመር ስለተቆጠረ ሁለት ጊዜ መቁጠር ማጭበርበር መሰለኝ። ዜሮ ጻፍኩለት።

ጋሼ ደምሴ መነጽራቸው ዱቄት ስለለበሰ ሳያነቡ ፈረሙ። እኔም ቅጹን አሽጌ ለደሴ መኪና ሰጠሁና፣ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የመጋዘኑ ኃላፊ ከእኛ ቀድመው አግኝተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት ሚስማር መቱት። ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ጓድ ቡሬ ሰይድ በሥራ ፍሬው፣ በታዛዥነቱና በትሕትናው የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ ሆኖ ተመርጧል፤ በሠራተኞች ቀን የክፍለ ሀገሩ ተቆጣጣሪ በአካል ተገኝተው ይሸልሙታል። ሁለተኛ፣ ጓድ ሰይድ አሊ በዘመቻው ምንም ስላልሠራ ከዚያው ቀን ጀምሮ ከሠራተኛ መዝገብ ይሰረዛል።

እዚያ ስደርስ ሰይድ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደል በፊደል፣ እኔ እንዳስተማርኩት ያነባል። «ሰ...ይ...ድ... አ...ሊ» አለ። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ የራሱን ስም በአደባባይ ተጽፎ ሲያነብ የመጀመሪያው ነው። «ም...ን...ም... ስ...ላ...ል...ሠ...ራ።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ነበር የሚሻለው።

«በሬዬ መሸለሙ ይሁን፣ ደስ ይለኛል ወላሂ» አለ። «ግን ጋሼ፣ ልጆቼ አባታችን ሥራው ምንድነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አስተማሪው ስለሆንኩ ነው ጋሼ የሚለኝ። ያን ቀን ጋሼ መባሉ እንደ ጥፊ ነበር። ቤቴ ሄጄ እህል አልበላሁም።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ላብ በላብ ሆኗል። «በሬ ኮከብ ሠራተኛ ብለን ላክን ቢባል ሁላችንም አለቀልን» አለ። ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደና መላ አገኘ። «ተቆጣጣሪው ከመምጣታቸው በፊት በሬው ይታረድ። ጓድ ቡሬ በድንገት በሞት ተለየን እንላለን። ሥጋውን ለበዓሉ እንበላዋለን። ሰይድን በሌላ ጊዜ እናስብለታለን።»

ሰይድ ምርኩዙን ጨበጠ። የሰይድ ሥራው ሄዷል፤ ጭራሽ በሬውም ሊጨመርበት ነው። እኔ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። የተነሡት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«መልካም ጓድ፣ ይታረድ» አሉ በለሆሳስ። «ማን ይረደው?»

«ማንም ይረደው።»

«ጋሼ ደምሴ በስመ አብ ብለው ካረዱት እኔና አሥሩ አንቀምስም። ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ካረደው እሳቸውና የቀሩት ስምንቱ ጾማቸውን ያድራሉ። የማኅበሩ ግማሽ ሲበላ ግማሹ የሚያይበት በዓል እዚህ አገር ኖሮ አያውቅም።»

«የወዛደሩ መደብ ሆዱ አንድ ነው» አለ ካድሬው።

«ሆዱ አንድ ነው፤ ቢላዋው ሁለት ነው» አሉ። «ስለዚህ ሁለተኛ በሬ ያምጡልንና እንረድ።»

ሁለተኛ በሬ ከየት ይምጣ። ካድሬው ከእጁ የማይለየውን የመመሪያ መጽሐፍ ገለባበጠ፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላገኘም። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲቀመጡ ለሰይድ ዓይናቸውን ጠቀሱት። አየሁ። በሦስት ንግግር በሬውን ከሞት አስጣሉት፤ እኔ በአንድ ቅጽ ባለቤቱን ሰርዤዋለሁ።

የሠራተኞች ቀን ደረሰ። በአዲሱ የጤና ጣቢያ ጣራ ፊት ተሰለፍን፤ ከተማው ወጥቶ አጥሩን ሞልቶታል። ተቆጣጣሪው ከላንድሮቨር ወረዱ። ሽበታም፣ እጃቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ካድሬው ንግግር አደረገ፤ ቶሎ እንዳይጨርስ ይመስላል ስለ ዓለም ወዛደር ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ቀይ ሪባንና አዲስ ቆብ አንሥተው «ጓድ ቡሬ ሰይድ ወደፊት» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግመው ጠሩ። ያን ጊዜ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለና ሰይድ በሬውን እየሳበ መጣ። ቡሬ እንደ ልማዱ ማንንም በቀጥታ ሳያይ መድረኩ ፊት ቆመ።

ካድሬው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አሉ ተቆጣጣሪው።

እግሬ ዛሬ እንቢ አላለኝም። ወጣሁ። «እኔ ነኝ። የጻፍኩት አንዱም ውሸት አይደለም። እኛ ዘንድ በወንፈል በሬ ይቆጠራል። ጥፋቴ የሰይድን ዜሮ መጻፌ ነው። ቡሬን ያሳደገው፣ የቀለበው፣ በተሰበረ እግሩ አሥራ ሁለት ቀን ዳገት ለዳገት የነዳው እሱ ነው። የሚሰረዝ ካለ እኔን ይሰርዙ።»

ተቆጣጣሪው በሬውን ዞረው አዩት። ሻኛውን ዳሰሱት። አንገቱ ላይ ጠፍሩ የላጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ገበሬ ብቻ እንደሚነካው።

«በእናንተ አገር የበሬ አንድ ቀን በሰው ስንት ነው የሚመለሰው?»

«ሁለት።»

«እኔ የዋድላ ገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ። «እኛ ዘንድ ሦስት ነው።»

ጋሼ ደምሴ ከሰልፉ ውስጥ «በእኛ በወሎ ቦረና ሁለት ነው ጌታዬ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ሁለት ነው» አሉ። እግራቸውን ልረግጥ ብሞክር ራቁኝ። የሚጠቅመን ሦስቱ መሆኑ እንኳ አልታያቸውም፤ የወንፈል ነገር ሲነሣ ሰውየው እንዲህ ናቸው።

«የተጎዳ ሰው በሬ ከሆነ ሦስት ነው» አሉ ተቆጣጣሪው ቆፍጠን ብለው። ጋሼ ደምሴ አሰቡና «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

ተቆጣጣሪው ቅጹን አስመጡ፤ እኔው ጀርባ ላይ አድርገው ጻፉ። «አሥራ ሁለት ቀን፣ በሦስት፣ ሠላሳ ስድስት። ጓድ ሰይድ አሊ በዚህ ዘመቻ ሠላሳ ስድስት ቀን ሠርቷል።»

የመጋዘኑ ኃላፊ «ዘመቻው የፈጀው አሥራ ሁለት ቀን ነው እኮ ጓድ» አሉ።

«እንግዲያ ከእርስዎ ሦስት እጥፍ ሠርቷል ማለት ነው» አሉ ተቆጣጣሪው። «ማንበብ ይችላል?» አሉኝ። ይችላል አልኩ። «ቁጥርስ?» ቁጥርም። «ሚዛን ላይ ይቀመጣል። የሚሸከም ብቻ አይደለም ሠራተኛ።» ከዚያ ቆቡን በሰይድ ራስ ላይ አደረጉ፣ ሪባኑን በቡሬ ቀንድ አሰሩ። ሰይድ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ይሄን አልደብቅም። ተቆጣጣሪው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ከመሄዳቸው በፊት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የተናገሩትን ነው ካድሬው ለብዙ ቀን ሲያሰላስል የኖረው፦ «ወንፈል ነው ካላችሁ፣ ሠላሳ ስድስቱን ቀን መመለሱን እንዳትረሱ።»

መለስነው። በነሐሴ፣ የሰይድ ሚስት ማሳ ላይ ጤፉ በአረም ሲዋጥ፣ ማኅበሩ በሙሉ ወረደ። ጋሼ ደምሴ አንድ ጊዜ በዱቄት ሳይሆን በጭቃ ነጡ ልበል ብል ጭቃው ጥቁር ነው፤ ጠቆሩ። ካድሬው አረሙን ትቶ ጤፉን እየነቀለ እትዬ ዘይነባ ከኋላው እየተከተሉ «ኧረ በአላህ፣ ያ እህል ነው» ይሉታል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ግን ሳይቀሩ አርመዋል።

ሰይድ ከማሳው ራስ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ያን ቆብ አድርጎ፣ ስማችንን በገዛ እጁ በጻፈው ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ የእኔን ስም ሁለት ቦታ አሳስቶታል። አላረምኩትም።

ቡሬ ከማሳው ዳር፣ ከግራሩ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል፤ ሪባኑ አሁንም ቀንዱ ላይ አለ፣ ቀለሙ በዝናብ ለቋል። ሃያ አንድ ሰው በጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይሠራል፣ እሱ ማንንም በቀጥታ አያይም። ኮከብ ሠራተኛ ነው፤ የሱን ቀን እየመለስንለት ነው። ማንም ተነሥ አላለውም።